ከሸዋ በር ውጭ የሚሸጠው የአንድ ቤተሰብ ሸክላ፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወጥቼ፣ ከሸዋ በር ውጭ ባለው ገበያ ሸክላ ከሚሸጥ አንድ ቤተሰብ አራት ዕቃዎች ገዝቼ ተመለስኩ፤ አንድ ጀበና፣ አንድ የወጥ ድስት ከነክዳኑ፣ አንድ የውኃ እንስራና አንድ ምጣድ። ይህን አስተያየት ለመጻፍ አንድ ዓመት የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ሸክላ በተገዛ ማግስት ሁሉም ያማረ ነው፤ እውነተኛ ባሕርዩ የሚታወቀው እሳት ደጋግሞ ሲልሰው፣ ውኃ ሲያድርበትና ችኩል እጅ ሲያነሳው ሲያስቀምጠው ነው። ከአራቱ ዕቃዎች ሦስቱ ዛሬም በየቀኑ ያገለግሉኛል። አራተኛው ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰንጥቋል፤ ቤተሰቡን በደንብ ያወቅሁትም በዚያው ስንጥቅ ምክንያት ስለሆነ እርሱን ሳልሸሽግ አስፍቼ እጽፋለሁ።

ቤተሰቡ የሚኖረው ከሐረር ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ሲሆን፣ ሸክላውን የሚሠሩት አያት፣ እናትና ልጅ ሆነው ነው። አያትየዋ ሙያውን ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናታቸው እንደተቀበሉት ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቆጥር ሰው በቤቱ የለም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም በገበያው ልማድ አያትየዋን «እማማ» እላቸዋለሁ። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ከገዢ ጋር ግን አማርኛውንም ሐረሪኛውንም እንደየሰዉ ይናገሩታል። በምሥራቁ ወግ «አንቺ» ይሉኛል፤ በዕድሜ እጥፍ የምበልጣት የልጅ ልጃቸውም «አንቺ» ትለኛለች። ይህ ከሌላ አገር ለመጣ እንግዳ ድፍረት ሊመስለው ይችላል እንጂ በእኛ በኩል የቅርበት አነጋገር ነው።

ቦታውን ለማግኘት አያስቸግርም። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ በሚሉት በሸዋ በር ከጀጎል ወጥተው የአትክልትና የቅመም ሻጮቹን ሲያልፉ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ጀበናው፣ ድስቱና ማጨሻው ተደርድሮ ይታያል። ሱቅ የላቸውም፤ በየቀኑም አይመጡም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠዋት ወጥተው ከሰዓት በፊት ስለሚመለሱ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው አርፍዶ ከተነሳ ባዶ ማዳበሪያ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ልጅቷ ስልክ አላት፤ አስቀድሞ መደወል ይሻላል። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ።

ከእነርሱ እንድገዛ ያደረገኝ ከዚያ በፊት መታለሌ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በአንድ የስጦታ ዕቃ መደብር እንደ መስታወት የምታበራ ጥቁር ጀበና ገዝቼ ነበር። መጀመሪያ ቡና ባፈላሁባት ቀን ቤቱን የሞላው የቡና ሽታ ሳይሆን የጫማ ቀለም ሽታ ነው። ውጭዋን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ብጠርጋት ጨርቁ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ከእሳትና ከጭስ የመጣ ሳይሆን ከተቃጠለች በኋላ የተቀባ ነበር። ምግብና መጠጥ ለሚሠራበት ዕቃ ይህን ማድረግ በሰው ጤና መቀለድ ነው። ስለዚህ ሸዋ በር ስደርስ መጀመሪያ ያወጣሁት እርጥብ ጨርቅ ነበር። እማማ ምን እንደማደርግ ገብቷቸው «ጥረጊ፣ ሁሉንም ጥረጊ» አሉኝ። ከጥቁሮቹ አንዱም አለቀቀም።

ከዚያ ዓይኔ የገባችውን ጀበና አነሳሁ፤ አንገቷ ረዥም፣ ሆዷ ክብ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ያማረች ነበረች። እማማ ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠጉ። ጎንዋን አዙረው ደግመው አንኳኩ። «ይቺ ለጌጥ ነው፤ ለእሳት አትሆንሽም» ብለው ከጀርባቸው አስቀመጧትና ሌላ፣ መልኳ እንደዚያች ያልሆነ፣ አንስተው ሰጡኝ። ሁለቱን ራሴ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ። የሁለተኛዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ትንሽ ይቆያል፤ የመጀመሪያዋ ግን በሆነ ቦታ ላይ ይታፈናል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ወዲያው ስለሚሞት፣ ይህ ምርመራ እውነተኛ ምርመራ ነው። የሚሸጠውን ዕቃ እንዲህ ፈትኖ «አልሸጥልሽም» የሚል ነጋዴ በስንት ገበያ ይገኛል?

ጀበናዋ በ350 ብር የተገዛች ስትሆን አንድ ሊትር ያህል ትይዛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቡናው የጭቃ ጣዕም ነበረው፤ በቡና አተላ ሦስት ጊዜ አፍልቼ ደፍቼ ካሟሸኋት በኋላ ግን ጠፍቷል። ትልቁ ሙያ ያለው መቅጃዋ ላይ ነው። ከንፈሩ ቀጭን ሆኖ ጫፉ በትንሹ ወደ ታች ስለተመለሰ፣ ሲኒ ሞልቶ እጄን ቀና ሳደርግ የመጨረሻዋ ጠብታ ወደ ጀበናዋ ሆድ አትወርድም፣ ረከቦቱም ላይ አትንጠባጠብም፤ እዚያው ከንፈሩ ላይ ትቀራለች። ከአቦል እስከ በረካ ረከቦቱ ደረቅ ሆኖ ያልቃል። ጆሮዋ ሁለት ጣት በደንብ ያስገባል፤ በብዙ ጀበና ላይ ይህ አይገኝም። የምነቅፍባት ነገር ቢኖር መቀመጫዋ ነው፤ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ስለምታዘነብል ያለ ማቶት አትቆምም። የቡና ቅጠል ቆልተን ከወተት ጋር የምናፈላውን ቁጢም በእርሷ ሞክሬዋለሁ፤ ነገር ግን ወተቱ ውስጧ ገብቶ ሽታው ለቡናው ስለሚተርፍ ለቁጢ ሌላ መግዛት ይሻላል። ይህንን እማማ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።

እንስራውን ግን ከሁሉም አስበልጬዋለሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ሌላው ሁሉ ይሞቃል። እንስራው 15 ሊትር ያህል ይይዛል። በረንዳው ላይ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ፣ በሦስት ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ፤ ታቹ ክብ የሆነ ዕቃ ያለ ጠጠር እንደማይቆም በእጄ ያየሁት ግን በዚህ እንስራ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በሙቀት መለኪያ ለክቼ፣ የበረንዳው አየር 34 ዲግሪ ሲሆን የእንስራው ውኃ 25 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ጥርስ የሚበርድ ውኃ አይደለም፤ ጉሮሮ ሳይከረክር ጥም የሚቆርጥ ውኃ ነው።

ይህ የሚሆነው ሸክላው ውኃውን በጥቂቱ ስለሚያስወጣ ነው። ውኃው በደቃቅ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭው ግድግዳ ወጥቶ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ከዕቃው ወስዶ ይሄዳል። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከ10 ሊትር በላይ ውኃን በ10 ዲግሪ ለማብረድ የሚበቃ ነው። የኔው እንስራ በበጋ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ እንዲሁ በላቡ ይጨርሳል። በነሐሴ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን መትነኑ ይቀንስና ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ በክረምት ብዙ አይጠበቅበትም። እንስራው የተገዛ ዕለት ውጭው ሻካራ መሆኑን አይቼ ለልጅቷ «ይኼን ለምን አላለሰለሳችሁትም?» ብያት ነበር። ጀበናና ድስት ገና ሳይቃጠሉ በለስላሳ ጠጠር ታሽተው ቀዳዳቸው ይደፈናል፤ የውኃ ዕቃ ግን መተንፈስ ስላለበት አይታሽም ብላ መለሰችልኝ። እኔ ጉድለት ያልኩት ለካ ዋናው ሙያ ነበር።

ለድሬዳዋ ሰዎች በተለይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የከተማችን ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሆድ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃው በእንስራው ግድግዳ በኩል ወጥቶ ሲተን ኖራው እዚያው ይቀራል፤ በአምስተኛው ወር ላይ የእንስራው ሆድ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ማብረዱም ቀንሶ ነበር። በእማማ ምክር ውጭውን በደቃቅ አሸዋና በቃጫ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ባውለው አብዛኛው ኃይሉ ተመለሰለት። ሳሙና ግን ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ ሸክላ ሳሙናን ጠጥቶ በኋላ ለሚጠጣው ሰው መልሶ ይሰጣል።

ስለ ድስቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ድስት ነው። ሽሮና የሐረሪውን ሁልበት መረቅ ሠርቼበታለሁ፤ ቶሎ አይሞቅም፣ ከሞቀ በኋላ ግን ቶሎ አይበርድም፤ ከእሳት ወርዶ ማዕድ ላይ ከቀረበም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ይንተከተካል። ክዳኑ ግን አልተሳካም። ድስቱና ክዳኑ ለየብቻ ስለሚደርቁና ሲደርቁም እኩል ስለማይጨማደዱ፣ በአንድ ጎን ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ከገዛኋቸው ውስጥ በግዴለሽነት የተሠራ የሚመስለኝ ይህ ክዳን ብቻ ነው፤ ለእማማም ነግሬአቸዋለሁ።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ስገዛው አሟሺው ከማለት በቀር ምንም አልተነገረኝም፤ እኔም በጎመን ዘር ቀብቼ በለስላሳ እሳት አሟሸሁት። ለሁለት ወር ተኩል ያለ ችግር ጋገርኩበት፤ እንጀራው ዓይን ያወጣል፣ አይያያዝም። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ጓሮ ባለው የማገዶ ምድጃ ላይ ጥጄው ገና የመጀመሪያውን ሳሰፋ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማኝና ከዳር እስከ መሐል ተሰነጠቀ። በንዴት ልጥለው ነበር። ልጅቷ ጋ ስደውል ግን «ገሉን እንዳትጥይው፤ ይዘሽው ነይ» አለችኝ። ስብርባሪውን በማዳበሪያ አድርጌ በደንገጎ ሽቅብ ወጣሁ፤ በዚያው ቀን መንደራቸው ድረስ ወሰዱኝ።

እማማ አንዱን ስባሪ አንስተው የተሰበረበትን ፊት አዩት። ከላይና ከታች ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ መስመር ነበረበት፤ በአንዱ በኩል ያለው ስባሪ ላይ መስመሩ ወፈር ይላል። «ነፋስ ነው» አሉ። በተቃጠለበት ቀን ነፋስ እሳቱን ወደ አንድ ጎን ገፍቶት፣ ያኛው ጎን እስከ መሐሉ አልበሰለም ማለታቸው ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው የሥርና የቅጠል ርዝራዥ በበቂ እሳትና አየር ካልተቃጠለ ከሰል ሆኖ ይቀራል፤ ጥቁሩ መስመር የዚያ ምስክር ነው። እኔም በበኩሌ ምጣዱን ቀስ በቀስ ሳላሞቅ በአንድ ጊዜ ኃይለኛ እሳት ላይ መጣዴን አልደበቅኩም። «የሁለታችንም ነው» ብለው በምትኩ ሌላ ሊሠሩልኝ ተስማሙ፤ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቁኝም። ዋስትና የሚባል ወረቀት ሳይኖር እንዲህ ያለ ኃላፊነት መውሰዳቸውን በዚህ አስተያየት ውስጥ በግልጽ ማስፈር እፈልጋለሁ።

ከዚያ ያየሁት ነገር ስለ ሸክላ የነበረኝን አመለካከት ለወጠው። እናትየዋ ያመጣሁትን ማዳበሪያ ተቀብላ ስባሪውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግፋ መውቀጥ ጀመረች። ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ደቃቁን ለየች። አጠገቧ ከጉድጓድ የመጣ፣ ደርቆ የተወቀጠና የተነፋ አፈር ነበር፤ ከአፈሩ ጥቂት እፍኝ፣ ከገሉ ዱቄት አንድ እፍኝ እያለች ቀላቅላ በውኃ አቦካችው። ስፍር የለም፤ የጭቃውን ልክ የምታውቀው በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መካከል ጨፍልቃ ጠርዙ ሲሰነጠቅ ወይም ሳይሰነጠቅ ሲቀር በማየት ነው። ንጹሕ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ብዙ ይጨማደዳል፣ ስለዚህም ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ግን ዳግመኛ አይጨማደድም፤ በጭቃው ውስጥ ተበትኖ ሲገባ መጨማደዱን ይቀንሳል፣ ውኃው የሚወጣበት መንገድ ይከፍታል፣ በኋላም ዕቃው እሳት ላይ ሲሰፋና ሲኮማተር ስንጥቁ ርቆ እንዳይሄድ ያግዳል።

እዚህ ላይ እማማ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እንደ ተራ ነገር ነበር የተናገሩት። የቤታቸው ገል ተጥሎ አያውቅም። የእናታቸው ዕቃ ሲሰበር ተፈጭቶ በእርሳቸው ጭቃ ገብቷል፤ የእርሳቸው ሲሰበር በልጃቸው ጭቃ ገብቷል፤ የገዢው የተሰበረም ከተመለሰ እንዲሁ ይገባል። ስለ ቤተሰብ ውርስ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ቅርፅና ስለ ጌጥ እናወራለን። በዚህ ቤት ግን የአያትየዋ እናት ምንቸት ዛሬ በሚሸጠው ጀበና ሥጋ ውስጥ በእፍኝ በእፍኝ አለ። ጥቁር ቀለም ቀብቶ የሚሸጠው መደብር ያንን የመሰለ ጥቁር ቅርፅ ሊያወጣ ችሏል፤ ይህንን ሊያወጣ ግን አይችልም።

ሥራው ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ ነው። ጭቃው ከአንድ ድቡልቡል ወደ ላይ እየተሳበ ግድግዳው ይወጣል፤ በቁራጭ ቅል ውስጡ እየተፋቀ ይሳሳል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ውጭው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃልና። የማቃጠሉ ቀን የሚመረጠው በነፋሱ ነው። እንጨትና ኩበት ተነጥፎ፣ ዕቃዎቹ በፍም ዙሪያ ከሞቁ በኋላ ተደፍተው ይደረደራሉ፤ በላያቸው ደግሞ ኩበትና ገለባ ይከመራል። ቅድሚያ የማሞቁ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ጥቂት እርጥበት የቀረበት ዕቃ በድንገት እሳት ቢያገኝ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ከ500 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የተሳሰረው ሌላኛው ውኃ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ ውኃ ቢነከርም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቁር እንዲሆኑ የተፈለጉት ገና ፍም እንደመሰሉ በረዥም እንጨት ተጎትተው በገለባና በቅጠል ይቀበራሉ፤ አየር ያጣው ጭስ ውስጣቸው ይገባል። እርጥብ ጨርቄ ያልነካው ጥቁረት ይህ ነው።

ሐረር ለሸክላ እንግዳ አይደለችም። ዓለም አቀፍ ቅርስነቷ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘገብ ስሟ የተነሳው በግንቡና በቤቶቿ ነው፤ በእነዚያው ቤቶች ውስጥ ግን፣ ከቀይ መደቦቹ በላይ፣ ከስፌቱና ከሳህኑ ጎን፣ አፍላላ የሚባሉት ጥቁር ዕቃዎች ሾጣጣ የስፌት ክዳናቸውን ደፍተው ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ ቤተሰብም ሲታዘዝ አፍላላ ይሠራል። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው ሐርላ በተደረገውና በ2009 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ቁፋሮ፣ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። ስለ ሩቁ ስባሪ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን አሁን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው የዚያን ጊዜ የሐርላ ሴት ሽሮዋን ወይም ገንፎዋን የሠራችበትን የአገር ቤት ድስት ነው።

ባለ ሙያዎቹ ግን ለሙያቸው የሚገባውን ክብር አላገኙም። በአገራችን ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ሰድዶ ስለነበር ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም እማማ በልጅነታቸው ከሸክላ ሠሪ ቤት ልጅ ማጨት እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በእነዚህ እጆች በተሠራ ምጣድ እየጋገርን፣ በሠሩት እንስራ እየጠጣን ሠሪዎቹን ማራቃችን ያሳፍረኛል፤ ዛሬም ገበያ ላይ «ለጭቃ ይህን ያህል?» የሚል ሰው ስሰማ ያው የድሮው ንቀት ነው የሚሰማኝ። የጭቃውማ ዋጋ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እንጨቱና ኩበቱ ግን በየዓመቱ እየተወደደ ነው፤ ከአንድ ማቃጠል ደግሞ ሁሉም ዕቃ አይተርፍም።

ይህን ካልኩ በኋላ ቅሬታዬንም ልናገር። ዋጋቸው ቁርጥ አይደለም፤ እኔ በ350 ብር የገዛኋትን የምታህል ጀበና አንዲት እንግዳ በእጥፍ ስትገዛ አይቻለሁ፤ ይህ ለስማቸው አይበጅም። ዕቃ ሲሸጡ አጠቀላለላቸውም ደካማ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልለው በፌስታል ይሰጣሉ፣ በሚኒባስ 55 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ አይበቃም። ገለባ የሞላ ካርቶን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለቱሪስት ተብለው የሚሠሩት ጣት የሚያካክሉ ጀበናዎች አያስደስቱኝም። መቅጃቸው ብዙ ጊዜ ድፍን ነው፤ አያፈሱም፣ አይፈላባቸውም። ቶሎ እንደሚሸጡና ማገዶም እንደማይፈጁ ይገባኛል፤ ቤተሰቡም መብላት አለበት። ነገር ግን ውኃ የማይቀዳ ጀበና ከዚህ ቤት ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል። ገዢውም ቢሆን ከእነርሱ አንድ ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ እሳት የሚጣድ ወይም ውኃ የሚያዝበት ይግዛ፤ የዚህ ቤት ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የዕጣን ማጨሻዎቻቸውም ጠንካራ ናቸው፤ ለጎረቤቴ የገዛሁላት እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ጥቃቅኖቹን የምትሠራው የልጅ ልጅቷ ናት። ትምህርቷን እየተከታተለች በትርፍ ጊዜዋ ትሠራለች፤ ሽያጩና ስልኩም በእርሷ እጅ ነው። እጇ ቀልጣፋ መሆኑን እማማ ይመሰክሩላታል፤ ምጣድ ግን ገና አልፈቀዱላትም። ባለፈው መጋቢት አዲሱን ምጣዴን ልቀበል ስሄድ፣ ሦስት ምጣድ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ዓይኗን በነጠላ ሸፍነው በድምፁ ብቻ ደኅናውን እንድትለይ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ሁለት ጊዜ ሳተች፤ በሦስተኛው አገኘችው። የኔው ነበር። ይኸው ሰባት ወር አልፎታል፤ አሁን በቀስታ እያሞቅኩ እጋግርበታለሁ፤ ድምፁም እንደዚያን ቀኑ ነው።

በዚህ ወር ደግሞ ሌላ እንስራ ለእህቴ አዝዣለሁ። በክረምት ስለማያቃጥሉ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከመስከረም በኋላ ነው፤ ከታዘዘ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ለማዘዝ ስሄድ በቤቴ የተጠራቀመውን ገል ሁሉ ይዤ ሄድኩ፤ የጎረቤት ድስት፣ የእናቴ የድሮ ማሰሮ ስባሪ፣ እንዲሁም ያቺን ከመደብር የተገዛች የምታበራ ጀበና ሰብሬ ጨምሬበት ነበር። እማማ ማዳበሪያውን ከፍተው አንድ በአንድ እያነሱ ለዩት። የእናቴን ማሰሮ ስባሪ ወቅጠው ካስቀመጡት ጋር ቀላቀሉት። የጀበናዋን ስባሪ ግን አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ «ይኼ አይገባም» ብለው ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት።